የህዋስ ሽፋን ማስተማሪያ ሣጥን፦ ለቱቦው ሲሉ ይግዙት፣ ቻርቱ ግን ይታረም

ባሕር ዳር ውስጥ በፔዳ ግቢ ዙሪያ ባሉ የጽሕፈት መሣሪያ መደብሮች ለሁለተኛ ደረጃ ባዮሎጂ መምህራን የሚሸጥ አንድ የካርቶን ሣጥን አለ። በውስጡ 60 በ90 ሳንቲ ሜትር የሆነ የህዋስ ሽፋንን (ህዋስን የሚከብበውን ስስ ቅባታማ ልባስ) የሚያሳይ ላሚኔት የተደረገ ቻርት፣ አንድ ሜትር የዲያሊሲስ ቱቦ (ዓይን የማያያቸው ጥቃቅን ቀዳዳዎች ያሉት ስስ ቱቦ)፣ አዮዲን በብልቃጥ፣ ትንሽ የስታርች ዱቄት፣ አሥር ስላይድ ከነመክደኛው እና የሁለት ገጽ መመሪያ ይገኛል። ማይክሮስኮፕ የለውም፤ እሱን ትምህርት ቤቱ ያቀርባል። ፍርዳችን ይህ ነው፦ ሣጥኑ ይገዛ፣ ቻርቱ ግን ሳይታረም ግድግዳ ላይ አይሰቀል።

ቻርቱ ጥሩ ጎን አለው። የፎስፎሊፒዱ (ሽፋኑ የተሠራበት ቅባት) ውሃ ወዳድ ራስና ውሃ ጠል ጭራ በግልጽ ተለይቷል፣ ፕሮቲኖቹ በመጠንም በቅርጽም ይለያያሉ፣ ሳይንቲስቶቹ ሲንገርና ኒኮልሰን ይህን የሽፋን ሞዴል ያቀረቡበት ዓመትም 1972 ተብሎ በትክክል ሰፍሯል። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለሚሰጥ የአማርኛውና የእንግሊዝኛው ስያሜ ጎን ለጎን መጻፉ ተማሪውን በጣም ይረዳል።

ሁለት ስህተቶች ግን አሉበት። ሶዲየምንና ፖታሲየምን በሽፋኑ በኩል የሚያሻግረው ፕሮቲን፣ የሶዲየም ፖታሲየም ፓምፑ፣ ቀስቶች ተገልብጠዋል። ትክክለኛው፣ በአንድ ኤቲፒ (የህዋሱ የኃይል ሞለኪውል) ሦስት ሶዲየም ወደ ውጭ፣ ሁለት ፖታሲየም ወደ ውስጥ ነው። በሰው ህዋስ ውስጥ ፖታሲየም በሊትር 140 ሚሊሞል ገደማ ሲሆን ውጭ ግን ከ4 እስከ 5 ብቻ ነው፤ ሶዲየም ደግሞ ውጭ 140 ገደማ፣ ውስጥ ከ10 እስከ 15። ቀስቱን ገልብጦ የሸመደደ ተማሪ የነርቭ መልእክት ትምህርት ላይ ሲደርስ ሁሉ ነገር ይምታታበታል። ሁለተኛው፣ የስኳር ሰንሰለቶቹ በሽፋኑ በሁለቱም ፊት ተስለዋል። መገኘት ያለባቸው በውጭው ፊት ብቻ ነው። የኤ እና የቢ የደም ዓይነት የሚለየው ከቀይ የደም ህዋስ ውጭ በቆመ ስኳር ነው፤ ስኳሩ ወደ ውስጥ ቢዞር ኖሮ የደም ምርመራው ጠብታ ሊያገኘው አይችልም ነበር። በላሚኔት ላይ በማርከር የተጻፈ ቶሎ ይለቃል፤ ነጭ ተለጣፊ ወረቀት ቆርጦ ቀስቶቹን አዲስ መሳልና መለጠፍ ይሻላል።

የሣጥኑ ዋና ሀብት ቱቦው ነው። ከቱቦው 15 ሳንቲ ሜትር ቆርጦ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ለ5 ደቂቃ መዘፍዘፍ፣ አፉን በጣት አሽቶ መክፈት፣ አንዱን ጫፍ ሁለት ጊዜ አጥብቆ መቋጠር። አንድ ግራም ስታርች መጀመሪያ በጥቂት ቀዝቃዛ ውሃ ይበጠበጥና በፈላ 100 ሚሊ ሊትር ውሃ ላይ እየተማሰለ ይጨመራል። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ስለሆነች ውሃ በ94 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ ለስታርች በቂ ነው። ሲቀዘቅዝ ቱቦው ውስጥ ተጨምሮ ይቋጠራል። ከዚያ የቱቦው ውጭ በውሃ በደንብ መታጠብ አለበት። መመሪያው ይህን ዘሎታል፤ ብዙዎች የሚወድቁትም እዚሁ ላይ ነው። በውጭው ላይ የቀረ ስታርች ብርጭቆው ውስጥ ያለውን ውሃ ሁሉ ሰማያዊ ያደርገውና ሙከራው ይበላሻል። የታጠበው ቱቦ በአዮዲን ቀጭን ሻይ በመሰለ ውሃ ውስጥ ይቀመጣል። ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ውስጥ ቱቦው ሰማያዊ ጥቁር ይሆናል፣ ውጭው እንደነበረ ይቀራል፦ አዮዲኑ ገብቷል፣ ስታርቹ ግን መውጣት አልቻለም። አዮዲኑ በነጭ ብልቃጥ መሸጡ ጥሩ አይደለም፤ ብርሃን ስለሚያደክመው ወደ ቡናማ የመድኃኒት ብልቃጥ መገልበጥ ይበጃል።

ነገር ግን መመሪያው «ይህ ቱቦ የህዋስ ሽፋን ነው» ይላል። አይደለም፤ ይህ ዓረፍተ ነገር ከቻርቱ ስህተቶች ሁሉ ይብሳል። ቱቦው ወንፊት ነው፤ የሚለየው በመጠን ብቻ ነው። በፋርማሲ የሚሸጠውን ኦአርኤስ (ለተቅማጥ የሚጠጣ የጨውና የግሉኮስ ዱቄት) አንድ ፓኬት በ200 ሚሊ ሊትር ውሃ በጥብጦ በሌላ ቱቦ ውስጥ ቋጥሮ ንጹሕ ውሃ ውስጥ ቢያስቀምጡት፣ የሽንት ስኳር መመርመሪያ ስትሪፕ ከግማሽ ሰዓት በኋላ በውጭው ውሃ ውስጥ ግሉኮስ ያሳያል፤ ጨውም አብሮ ወጥቷል። (የወጥ ቤት ስኳር ለዚህ አይሆንም፤ ሱክሮስ ስለሆነ ስትሪፑ አያየውም። አዮዲን ባለበት ውሃ ውስጥም ስትሪፕ አይነከር፣ ቀለሙ ያሳስታል።) በእውነተኛው ሽፋን ግን ሶዲየም ከግሉኮስ በጣም ቢያንስም በቅባቱ መሐል አያልፍም፤ ኤሌክትሪክ ሙል ያለው ነገር ቅባት ውስጥ አይገባም። በአንጻሩ ኮርቲሶልን የመሰለ ስቴሮይድ ሆርሞን፣ ከሶዲየም ብዙ እጥፍ የሚገዝፍ ሆኖ፣ ቅባት ውስጥ ስለሚሟሟ ሰተት ብሎ ይገባል። ኦአርኤስ የሚሠራውም በአንጀት ህዋስ ሽፋን ላይ አንድ አሻጋሪ ፕሮቲን ሁለት ሶዲየምና አንድ ግሉኮስ አንድ ላይ ስለሚያስገባ ነው፤ ውሃው ይከተላቸዋል። ይህን ያልሰማ ተማሪ ከሣጥኑ «ትንሽ ያልፋል፣ ትልቅ አያልፍም» የሚል የተሳሳተ ሕግ ይዞ ይወጣል።

ስለዚህ ሕያው ሽፋን ማየት ግድ ነው። ስላይዶቹ የሚጠቅሙት እዚህ ላይ ነው። ከቀይ ሽንኩርት ቅጠል የውጭ ፊት፣ ወይን ጠጁ ካለበት በኩል፣ ስስ ልጣጭ በወረንጦ ይነሣል፤ ከውስጥ ፊት የተነሣው ቀለም ስለሌለው ምንም አይታይበትም። በ100 ሚሊ ሊትር ውሃ 5 ግራም ጨው አሟሙቶ በመክደኛው አንድ ጎን ማንጠብጠብ፣ በሌላው ጎን በሶፍት መሳብ። ውሃ ወደ ጨዋማው ውጭ ስለሚወጣ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ወይን ጠጁ ከህዋሱ ግድግዳ እየሸሸ ይኮማተራል። በንጹሕ ውሃ ሲተካ ተመልሶ ይሞላል። ጨውን እጥፍ አድርጎ ወይም ረጅም ጊዜ አቆይቶ የሚያደርገው ሰው ህዋሱን ስለሚገድለው መመለሱን አያይም። መመሪያው «ሽፋኑ ይታያል» ማለቱ ግን ትክክል አይደለም፤ ሽፋኑ ከ7 እስከ 8 ናኖሜትር ብቻ ነው፣ የብርሃን ማይክሮስኮፕ ደግሞ ከ200 ናኖሜትር ገደማ በታች ለይቶ አያሳይም። የሚታየው የቀለሙ ጠርዝ ነው።

ሣጥኑ ውስጥ የሌለ፣ እዚሁ ጣና ዳር የሚገኝ አንድ ነገር እንጨምር። ከእምቦጭ ሥር የተጨመቀ የሐይቅ ውሃ ጠብታ ውስጥ ባለ አንድ ህዋስ የሆነው ፓራሚሲየም ብዙ ጊዜ ይገኛል። በ400 ማጉላት ሲታይ ኮንትራክታይል ቫኩዎሉ (ትርፍ ውሃ የሚያስወጣው ከረጢት) እየሞላ ሲፈነዳ ይታያል፦ የሐይቁ ውሃ ከህዋሱ ውስጥ ይልቅ ቀጭን ስለሆነ ውሃው ያለማቋረጥ ይገባል፣ ቫኩዎሉም ያለማቋረጥ ወደ ውጭ ይረጨዋል። ጠብታው ላይ በጣም ትንሽ ጨው ቢጨመር ፍጥነቱ ይቀንሳል። ውሃው ሲቀዳ ግን የጎማ ጓንት ያስፈልጋል፣ ተማሪም እግሩን አያግባ፤ በጣና ዳርቻ ቢልሃርዝያ አለ።

አንድ ሜትር ቱቦ ስድስት ቁራጭ ይወጣዋል፤ ለስታርቹ ሙከራ ብቻ ከዋለ በስድስት ቡድን ለተከፈለ አንድ ክፍል በቂ ነው። አንዴ የረጠበ ቁራጭ ከደረቀ ይሰነጠቃል፤ ለነገ የሚቆይ ከሆነ ውሃ ውስጥ ሆኖ ፍሪጅ ይግባ። ሁለት ክፍል ያለው መምህር ሲገዛ ቱቦው ለብቻው ይሸጥ እንደሆነ መደብሩን አስቀድሞ ይጠይቅ።