«ዛሬ አይሆንም» ብሎ ከመንገድ ለመለሰን ባለ ባጃጅ

ጅማ ያላችሁ ወላጆች፣ በተለይ 11ኛ ክፍል ልጅ ያላችሁ፣ እስቲ ትንሽ ታገሱኝና አንብቡት። ረዘም ይላል። ግን ያናደደኝንም ደስ ያሰኘኝንም ካልተናገርኩ አይወጣልኝም።

ማመስገን የፈለግኩት አንድ የባጃጅ ሹፌር ነው። አዎ፣ ባጃጅ። ልጄን ዩኒቨርሲቲ ላሳያት ብዬ አማካሪ ተብዬውንም፣ ኮሌጁንም፣ ዘመዱንም ሞክሬያለሁ። መቼ መሄድ እንዳለብኝ በትክክል የነገረኝ ግን እሱ ብቻ ነው።

ከመራራው ልጀምር። ባለፈው ነሐሴ አዲስ አበባ ያለ አንድ ቢሮ፣ ስሙን አልጠራም፣ «ልጅዎን ካምፓስ እናስጎበኛታለን፣ ምን ብታጠና እንደሚሻላትም እናማክራታለን» ብሎ አራት ሺህ ብር ተቀበለኝ። ከዚህ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ገና ሳይነጋ ተነሳን፣ ጊቤ ቁልቁለቱ ላይ ልጄን አስመለሳት፣ ደክሞን ደረስን። በማግስቱ ዝናቡ ዶፍ ነው። የግቢው ጥበቃ «ማንን ልትጠይቁ ነው? ማንም የለም እኮ» አለን። እውነቱን ነው፣ ማንም አልነበረም። ላይብረሪው ተቆልፏል። አንድ ዶርም መስኮት ላይ የተረሳ ፎጣ ተንጠልጥሎ ዝናብ ይመታዋል። አስጎብኚያችን ጃንጥላውን ለራሱ ብቻ ዘርግቶ «ያው ሕንፃውን አያችሁት አይደል?» አለን። ስናገረው ደግሞ «ክረምት መሆኑን እኮ እርስዎም ያውቃሉ» ብሎኝ እርፍ። አውቃለሁ! ገንዘቤን ስትቆጥር አንተስ አታውቅም ነበር?

ስንመለስ ልጄ አውቶብስ ውስጥ «እማ፣ ዩኒቨርሲቲ እንደዚህ ጭር ያለ ነው እንዴ?» አለችኝ። ከፍዬ ያስፈራኋት መሰለኝ።

ሌላም አለ። አንድ የግል ኮሌጅ ሄድን፣ እሱንም ስሙን ልተወው። ዴስክ ላይ ያለችው ሴት የልጄን ስም ሳትጠይቅ የመመዝገቢያ ደረሰኝ አወጣች። 11ኛ ክፍል ናት ስላት «ቢሆንም ቦታ መያዝ ይቻላል» አለች። ክፍል ማየት ይቻላል ወይ አልኳት። «ከከፈላችሁ በኋላ»። ተነስተን ወጣን።

«ምደባው የትምህርት ሚኒስቴር ነው፣ ማየቱ ምን ያደርጋል?» የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። ባለቤቴም እንደዚያው ነበር የሚለው። ግን ምርጫውን የሚሞላው ልጁ ነው። ሰዓቱ ሲደርስ ደግሞ ጥድፊያ ነው፣ ጎረቤት የሞላውን አይቶ መሙላት ነው። ከ2015 መጀመሪያ ጀምሮ ደግሞ የ12ኛ ክፍል ፈተና ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ሆኗል። ስንቱ ልጅ ነው ግቢ የሚባለውን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየው ሊፈተን በገባበት ቀን! ያኔ ከመቶ ተፈታኞች መካከል ማለፊያ ያመጡት ሦስት ብቻ ናቸው ማለት ይቻላል፣ 3.3 በመቶ። በ2016 5.4 ሆነ ተባለ። እንዲህ ባለ ጊዜ 12ኛ የገባን ልጅ ይዞ ግቢ ለግቢ መዞር አይታሰብም። ከሆነ 11ኛ ላይ ነው። ይሄን ራሴ ደርሼበታለሁ። ያልደረስኩበት ከዓመቱ ውስጥ የትኛው ሳምንት እንደሚሻል ነበር።

እኔ ራሴ የተመደብኩበትን ግቢ ያየሁት ሻንጣዬን ተሸክሜ የገባሁ ቀን ነው። አንድ ወር ሙሉ ሌሊት ሌሊት እያለቀስኩ፣ ቀን ቀን «ደህና ነኝ» እያልኩ ለእናቴ እደውል ነበር። ልጄ ይሄ አይድረስባት ብዬ ነው ይሄ ሁሉ መንከራተት።

እንግዲህ የካቲት ላይ፣ የሰው ሀገር ከመሄድ እዚሁ ያለውን ጅማ ዩኒቨርሲቲን ላሳያት ብዬ አጂፕ ጋ ባጃጅ በኮንትራት ያዝኩ። «ዋናው ግቢ» አልኩት። «ማንን ሊጠይቁ ነው ማዘር?» አለኝ። ልጄን ላስጎበኛት ነው አልኩት። የአዌቱን ድልድይ ከማለፋችን በፊት ዳር ያዘና ሞተሩን አጠፋ። እኔ ቤንዚን አልቆበት መስሎኛል።

«ዛሬ አይሆንም» አለ። «ተማሪ የለም። ፋይናል ጨርሰው ሄደዋል። ልውሰድዎት ብል እወስድዎታለሁ፣ ግን ባዶ ግቢ ነው የሚያሳይዋት።»

እንዴት አወቅክ አልኩት። ሳቀ። «ግቢው ባዶ ሲሆን የኔም ኪስ ባዶ ነው። ወላሂ ከሬጅስትራሩ በላይ ነው የማውቀው።»

እውነቱን ነው። ጠዋትና ማታ ሥራው ተማሪ ማመላለስ ነው። የትምህርት ካላንደሩ ከኮሮና ወዲህ እንደድሮው አልሆነም። ፍሬሽ ሌላ ጊዜ ይገባል፣ ነባሩ ሌላ ጊዜ። ሲያስረዳኝ ብሎክ ምናምን የሚል ነገርም ነበረው፣ እሱ አልገባኝም። የገባኝን ልንገራችሁ። ክረምት አትሂዱ። ፈተና ሰሞንም አትሂዱ፣ ልጆቹ እንቅልፍ አጥተው ዓይናቸው ቀልቶ ነው የሚዞሩት፣ ማን ያናግራችኋል? ሴሚስተር የተከፈተ ሰሞንም አይሆንም፣ «የመጀመሪያው ሳምንት ገና ሻንጣ ነው» ነው ያለኝ። ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ክላስ የለም። መታወቂያ ያዙ፣ ከልጃችሁ ትምህርት ቤትም ደብዳቤ አጽፉ። ደብዳቤውን አራት ሺህ ብር የተቀበለኝ ሰውዬ እንኳን አልነገረኝም!

መልሶ አጂፕ አወረደን። ገንዘብ ስሰጠው አልቀበልም አለ። «የት አደረስኳችሁ?» አለኝ። ለምኜው ነው ሻይ መጠጫ ብዬ ኪሱ ውስጥ የከተትኩለት። ስልክ ቁጥሬን ወሰደ። እኔ፣ እውነቱን ልናገር፣ ይደውላል ብዬ አላሰብኩም።

ሦስት ሳምንት አለፈ። እሁድ ማታ ስልኬ ጠራ። «ማዘር፣ ተመልሰዋል። ክላስም ጀምረዋል። ማክሰኞ ጠዋት ይመችዎታል?»

ማክሰኞ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ደጃችን ነበር። መጀመሪያ እርሻ ኮሌጁ ወሰደን። የዩኒቨርሲቲው አንጋፋ ክፍል ነው፣ በፈረንጆቹ 1952 የተጀመረ፣ አያቴ እስኪሞቱ ድረስ «እርሻ ትምህርት ቤት» ነበር የሚሉት። ከዚያ ቴክኖሎጂው ያለበት ቂጦ ፉርዲሳ፣ መጨረሻ ላይ ዋናው ግቢ። ሦስቱም የተለያየ ሰፈር መሆኑን ጅማ ስኖር ዕድሜዬን ሙሉ ልብ ብዬው አላውቅም። ልጄ አንድ ቦታ ብቻ አይታ ብትመለስ ኖሮ ዩኒቨርሲቲው ያ ብቻ ይመስላት ነበር።

አሁን የሚመጣውን ነው ልነግራችሁ የፈለግኩት። ዋናው ግቢ በር ላይ ስንደርስ ሁለት ሴት ተማሪዎች ቆመው ይጠብቁናል። ፍሬሽ ሆነው ከመጡበት ጊዜ ጀምሮ እሱ ነው የሚያመላልሳቸው፣ «አንዲት እህት አለች፣ አሳዩልኝ» ብሎ ለምኗቸዋል። ሰላም ተባባልን፣ ደብዳቤውን ጥበቃው አየው፣ እኔም ቦርሳዬን አስተካክዬ ልከተል ስል ይሄ ባለ ባጃጅ ቀስ ብሎ ወደኔ ተጠጋና፣ «ማዘር፣ እርስዎ እዚህ ቡና ይጠጡ። እርስዎ ካሉ የልቧን አትጠይቅም» አለኝ።

መጀመሪያ ደሜ ፈላ። ማን ስለሆነ ነው? ከዚያ ግን ልጄን አየኋት። አንገቷን ደፍታለች፣ ግን ከንፈሯ ላይ ፈገግታ አለ። ቁጭ አልኩ።

ባለ ጀበናዋ ሦስተኛውን ሲኒ ስትቀዳልኝ እሱ ባጃጁን ጥላ ስር አቁሞ መስታወቱን ይወለውላል። በመሃል ሁለት ሰው ኮንትራት ጠየቀው፣ ሁለቱንም «ሰው አለኝ» ብሎ መለሳቸው። አንድ ሰዓት አለፈ። ልጄ ስትመጣ እየሳቀች ነው። ቀኝ መዳፏ ላይ በእስክሪብቶ የተጻፈ ነገር አለ። ይዤ አነበብኩት፦ «ባልዲ፣ የቁልፍ ጓንጉል፣ ነጠላ ጫማ 2፣ ጆሮ መድፈኛ»። ጆሮ መድፈኛው ዶርም ውስጥ ለሚያንኮራፉ ነው አሉ። እኔ አብሬያት ብሆን ኖሮ ስለ ውጤትና ስለ ሥራ ዕድል ስጠይቅ ነበር የምውለው፣ ይሄን ማን ይነግራት ነበር?

ስለ ትምህርቱም ሰምታለች። ተማሪዎቹ ወደ ማኅበረሰቡ ወጥተው የሚሠሩት ነገር እንዳለ ነግረዋታል፣ ጅማ በሱ ነው የሚታወቀው። ድሮ ሐኪም ካልሆንኩ ትል ነበር። አሁን እርሻ ኮሌጁ ጋ ያየቻቸው የእንስሳት ሕክምና ተማሪዎች ልቧን ከፍለውታል። እስካሁን አልወሰነችም፣ እኔም አልነካካትም። አባቷ ግን «ላም ልታክም ነው?» እያለ ያበሽቃታል።

የቆመበትን ሂሳብ ስጠይቀው የኮንትራቱን ብቻ ነገረኝ። ጨመርኩለት፣ መለሰልኝ፣ ተጣላን ማለት ይቻላል። ሁለቱን ልጆች ማኪያቶ ልጋብዛቸው ስል ደግሞ ክላስ አለን ብለው ሮጡ። ፈጣሪ ያክብርልኝ፣ ለእናንተም እንደሱ ያለ ሰው ያጋጥማችሁ።

እና እባካችሁ፣ ልጃችሁን ጅማ ዩኒቨርሲቲ ልታሳዩ ከሆነ ለማንም አማካሪ ነኝ ባይ አትክፈሉ። ለዚህ ልጅ ደውሉ። ስሙንና ስልኩን እዚህ አትጻፊ ብሎኛል፣ በውስጥ መስመር ጠይቁኝ፣ አስፈቅጄ እሰጣችኋለሁ። ጠዋት ጠዋት አጂፕ ጋ አይጠፋም፣ መስታወቱን ሲወለውል ካያችሁት እሱ ነው። ከሌላ ከተማ የምትመጡም መጀመሪያ ደውሉለት፣ ከዚያ ትኬት ቁረጡ። ደግሜ እላለሁ፣ መጀመሪያ ደውሉ!

«ዛሬ አይሆንም» ካላችሁ ደግሞ አትከራከሩት። ባለፈው ሐሙስ ለእህቴ ልጅ ብዬ ደወልኩለት፣ «ሚድ ላይ ናቸው ማዘር፣ ከአሥር ቀን በኋላ እኔው እደውላለሁ» አለኝ። እየጠበቅን ነው።