«ዓይንዎን አይተን የእግርዎን ነርቭ እንነግርዎታለን» የሚሉትን ተጠንቀቁ

ወገኖቼ፣ ይህን የምጽፈው ቤታችሁ ውስጥ የስኳር ሕመም ያለበት እናት፣ አባት ወይም ዘመድ ላላችሁ ነው። በተለይ ኮዬ ፈጬ፣ ቱሉ ዲምቱና ገላን አካባቢ የምትኖሩ እባካችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡት።

በሰኔ ወር ነው። ከብሎካችን ሥር ካሉት የንግድ ክፍሎች አንዱን ተከራይተው ገቡ። በሩ ላይ ትልቅ ባነር ተሰቀለ፤ «የስኳር ሕመምተኞች፣ የነርቭ ጉዳትዎን በዓይንዎ በ2 ደቂቃ ይወቁ» ይላል። ከሥሩ ደግሞ መደበኛ ዋጋው 6,000 ብር እንደሆነና ለአካባቢው ነዋሪ ግን 1,200 ብር እንደተደረገ ተጽፏል። ውስጥ ያሉት ነጭ ጋውን የለበሱ ሁለት ወጣቶች፣ ላፕቶፕ፣ ፕሪንተርና በእጅ የሚያዝ መብራት ያለው ትንሽ ካሜራ ናቸው። እናቴ ስኳር ከተገኘባት 11 ዓመቷ ነው። ማታ ማታ እግሬን ጉንዳን ይሄድበታል ትላለች። ከእድር ጓደኞቿ ጋር ተያይዘው ሄዱ።

ይዛ የተመለሰችው ወረቀት ባለቀለም ነው። ከላይ የዓይኗ ፎቶ፣ ከታች በቀይ የተቀለመ የእግር ሥዕል፣ ከሥሩ በትልቁ «የነርቭ ጉዳት 62 ከመቶ»። እዚያው እንደተቀመጠች «የሞተ ነርቭ ያበቅላል» ያሉትን የሦስት ወር መድኃኒት በ9,600 ብር ሸጡላት። ክፍያው በቴሌብር ወደ አንድ ግለሰብ ስልክ ነው የገባው፤ ደረሰኝ አልተሰጣትም። ብሩ ለእህቴ ልጆች ዩኒፎርምና ደብተር ብላ ያስቀመጠችው ነበር።

በገንዘቡ ብቻ ቢያልቅ ይህን ሁሉ ባልጻፍኩ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ለድጋሚ ምርመራ ጠሯት፤ ይሄኛው በነጻ ነው አሉ። አዲሱ ወረቀት ጉዳቱ ወደ 12 ከመቶ ወርዷል ይላል። «ማዘር፣ ነርቭዎ እየበቀለ ነው!» ብለው አበሰሯት። እናቴ ደረጃውን እልል እያለች ነው የወጣችው። ከዚያን ቀን ጀምሮ እግሯን መጠንቀቅ ተወች፤ ድናለቻ።

ያን ሰሞን ዝናቡና ብርዱ እንዴት እንደነበር ታስታውሳላችሁ። አንድ ምሽት ቡና ተፈልቶ፣ እሷ ከከሰሉ አጠገብ ዱካ ላይ ተቀምጣ እየቀዳች፣ «ምንድን ነው የሚሸተው?» ብላ የጠየቀችን ራሷ ናት። ጎንበስ ብዬ ሳይ የነጠላ ጫማዋ ጠርዝ ምድጃው ላይ ተጣብቆ ቀልጧል። ጫማውን ሳወልቃት ከአውራ ጣቷ ሥር የሳንቲም ያህል ቦታ ውሃ ቋጥሯል። ምንም አልተሰማትም። ሲኒውን እንኳ ከእጇ አላስቀመጠችም።

በማግስቱ ጠዋት ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ጤና መኮንኑ ቁስሉን አጥቦ ካሸገ በኋላ ሁለቱንም እግሯን አልጋው ላይ አስዘረጋት። ዘንግ ጫፍ ላይ የተተከለ፣ የዓሣ ማጥመጃ ክር የመሰለ ጠንካራ የፕላስቲክ ክር አወጣ። ክሩ እስኪጎብጥ ሲጫኑት የሚያርፈው 10 ግራም ያህል ኃይል ነው። «እናቴ፣ ዓይንዎን ይጨፍኑና ስነካዎት ንገሩኝ» አላት። አውራ ጣቷን ነካ፤ ዝም። የውስጥ እግሯን ፊተኛ ክፍል ሦስት ቦታ ነካ፤ ዝም። አምስተኛው ላይ ሲደርስ እናቴ ዓይኗን እንደጨፈነች «ጀምር እንጂ ልጄ» አለችው። ቀና ብሎ አየኝ። እኔ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። ቀጥሎ ሲመታ የሚነዝር ሹካ መሰል ብረት አውራ ጣቷ አጥንት ላይ አሳረፈ፤ ንዝረቱም አልተሰማትም። ያ 12 ከመቶ የተባለ እግር ይህ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ዓይንን አይቶ ስኳር በነርቭ ላይ ያደረሰውን ጉዳት ማወቅ በእውነት ያለ ነገር ነው፤ ሰዎቹም የሚያጠምዱን በዚሁ ነው። የዓይናችን ፊት ለፊት ያለው ጥርት ያለ ሽፋን ኮርኒያ ይባላል። ከሰውነታችን ሁሉ ነርቭ በብዛት የታጨቀበት ቦታ ነው፤ ብናኝ ሲገባብን ያን ያህል የሚያሰቃየን ለዚህ ነው። ነርቮቹ እጅግ ቀጫጭን ናቸው፤ ስኳር ደግሞ አስቀድሞ የሚጎዳው ብዙ ጊዜ እንዲህ ያሉትን ቀጫጭን ነርቮች ነው። እንግሊዝ አገር ማንቸስተር ውስጥ በፕሮፌሰር ራያዝ ማሊክ ይመራ የነበረ ቡድን ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ባወጣቸው ጥናቶች፣ የስኳር ሕመምተኞች እግር ነርቭ እየተጎዳ ሲሄድ የኮርኒያቸው ነርቮችም እየሳሱ እንደሚሄዱ አሳይቷል። ድሮ እነዚህን ቀጫጭን ነርቮች በቀጥታ ለማየት ከእግር ላይ ቆዳ ቆርጦ በማይክሮስኮፕ መመርመር ነበር መንገዱ። ቆዳ ሳይቆረጥ የሚያሳይ ዘዴ መገኘቱ ትልቅ ነገር ነው፤ እኔም ሳነብ ደስ ብሎኛል።

ግን አሠራሩን ስሙት። መሣሪያው ኮንፎካል ማይክሮስኮፕ ይባላል፤ ጠረጴዛ ላይ የሚቆም፣ አገጭና ግንባር ማሳረፊያ ያለው ትልቅ ዕቃ ነው። መጀመሪያ ዓይን ላይ ማደንዘዣ ጠብታ ይደረጋል፤ ምክንያቱም የመሣሪያው ጫፍ ጄል ተቀብቶ የዓይንን ገጽ ይነካል። የሚነሳው ፎቶ ስፋቱ ከግማሽ ሚሊሜትር ያንሳል፤ በጥቁር መደብ ላይ እንደ ነጭ ክር የተዘረጉ ነርቮች ይታዩበታል። ስለዚህ ከሁለቱም ዓይን ብዙ ፎቶ ይነሳና ክሮቹ በካሬ ሚሊሜትር ስንት እንደሆኑ፣ ርዝመታቸው ምን ያህል እንደሆነ ይቆጠራል፤ ከጤነኛ የዕድሜ እኩያ ጋርም ይነጻጸራል። ባደጉት አገሮች ራሱ በብዛት የሚሠራበት በምርምር ማዕከላትና በተወሰኑ ትልልቅ ሆስፒታሎች ነው። እናቴ ዓይን ላይ ጠብታም አልተደረገ፣ የነካትም የለም። ከአንድ ክንድ ርቀት ላይ ሆነው መብራት አብርተው ፎቶ አነሷት። ወረቀቱ ላይ የታተመውም የዓይኗ ጥቁር ቡኒ ቀለበት፣ አይሪስ የሚባለው ክፍል ነው። የኮርኒያ ነርቭ በእንዲህ ያለ ፎቶ አይታይም።

የአይሪስን መልክ አይቶ የውስጥ አካልን በሽታ እናውቃለን የሚለው ነገር የቆየ ነው። በ1979 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የሕክምና ማኅበር መጽሔት የወጣ ጥናት የ143 ሰዎችን የዓይን ፎቶ ለሦስት የዚህ ዘዴ ባለሙያዎች ሰጥቶ የኩላሊት ሕመምተኞቹን ከጤነኞቹ ለዩ ቢላቸው መለየት አልቻሉም።

ከሬቲና ምርመራም ጋር እንዳታምታቱት። የስኳር ሕመምተኛ በዓመት አንድ ጊዜ ሊያደርገው የሚገባው የዓይን ምርመራ አለ፤ ብሌን የሚያሰፋ ጠብታ ተደርጎ የዓይን የኋላ ግድግዳ የደም ሥሮች ይታያሉ፤ ለጥቂት ሰዓትም ብዥ ይላል። ይህን በፍጹም አትተዉ፤ ዓይነ ስውርነትን የሚከላከል ነው። ነገር ግን እሱም ቢሆን የእግርን ምርመራ አይተካም።

እኔ ራሴ ስኳር የለብኝም። ከጤና ጣቢያ እንደተመለስን ወርጄ 1,200 ብር ከፍዬ ተቀመጥኩ። ካሜራውን ከማንሳታቸው በፊት ዕድሜዬንና ስኳር ካለብኝ ስንት ዓመቴ እንደሆነ ጠይቀው ላፕቶፑ ላይ ሞሉ። ስምንት ዓመቴ ነው አልኳቸው። 41 ከመቶ ተጎድቷል ተባልኩ። መብራቱ ዓይኔን ስለወጋው ዓይኔን ጨፍኜ ነበር፣ ድገሙልኝ አልኩና ከሃያ ደቂቃ በኋላ ያንኑ ዓይን አነሱ፤ 73 ከመቶ። ሁለቱንም ወረቀት ጎን ለጎን ዘርግቼ ስጠይቃቸው «ማሽኑ የጭንቀት መጠንም ያነባል» አሉኝ።

የሸጡላትን እሽግ ለማውቃት ፋርማሲስት አሳየኋት። የአምራች ስም የለውም፣ ባች ቁጥር የለውም፣ የምዝገባ ቁጥር የለውም። ላዩ ላይ የተጻፈው ቢ ቫይታሚንና የዕፅዋት ዱቄት ነው። እርግጥ ሜትፎርሚን የሚባለውን የስኳር መድኃኒት ለረጅም ዓመት የሚወስድ ሰው ቢ 12 ሊያንሰው ይችላል፤ ይህ እጥረትም ራሱ እግር ያደነዝዛል። ስለዚህ ሐኪማችሁን ቢ 12 እንዲያይላችሁ ጠይቁ፤ ካነሰም መድኃኒቱ ፋርማሲ ውስጥ አለ። የሚያቃጥልና የሚወጋ ሕመም ላለበትም እንደ አሚትሪፕቲሊን ያሉ ሕመሙን የሚያስታግሱ መድኃኒቶች ሐኪም ያዛል። የሞተ ነርቭን በሁለት ሳምንት የሚያበቅል ግን የለም። ጉዳቱ እንዳይብስ የሚያደርገው ስኳሩን መቆጣጠር ነው።

ስለዚህ ማንም ሰው ስለ እግራችሁ ነርቭ ሲነግራችሁ መጀመሪያ ጫማችሁን አስወልቋል ወይ ብላችሁ አስቡ። የክሩ ምርመራ አምስት ደቂቃ አይፈጅም፤ ስኳር ክትትል በምታደርጉበት ቦታ «እግሬን እዩልኝ» በሉ፤ ካላላችሁ አንዳንዴ ይታለፋል። እቤት ደግሞ ማታ ማታ የእናቶቻችሁን እግር እናንተ እዩላቸው፣ በጣቶቹ መካከል ሳይቀር። ወደ ከሰልና ወደ ሙቅ ውሃ እግራቸውን እንዲያቀርቡ አትፍቀዱ።

የተሸጠላችሁ ካለ እሽጉን አትጣሉት። የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በ8482 ነጻ መስመር ጥቆማ ይቀበላል። ለወረዳችሁ ንግድ ጽሕፈት ቤትም አመልክቱ፤ በአዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት ነጋዴ ደረሰኝ የመስጠት ግዴታ አለበት፣ አሳሳች ማስታወቂያም ክልክል ነው። እኛ ደረሰኝ ስላልነበረን የቴሌብሩን መልእክትና የባነሩን ፎቶ ይዘን ነው ያመለከትነው፤ ስለዚህ ባነሩ ከበሩ ሳይወርድ በፊት ፎቶ አንሱት።

እናቴ ቁስሏ እየጠገገ ነው፤ በየሁለት ቀኑ ታሳጥበዋለች። ሰዎቹ እኔ በጠየቅኳቸው በሦስተኛው ቀን ክፍሉን ለቀው ሄደዋል። ባለፈው ቅዳሜ አንድ የእድራችን አባል ገላን ኮንዶሚኒየም በር ላይ ያንኑ ባነር አይተዋል፤ ዋጋው አሁን 1,500 ብር ሆኗል።