ቤትና ሰፈር ወይስ ማዕከል? በከተማ ዳርቻ ለሚኖር ዊልቸር ተጠቃሚ

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2010 ያጸደቀችው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ኮንቬንሽን (ስምምነት)፣ በአንቀጽ 19 አካል ጉዳተኞች በተወሰነ የአኗኗር ሁኔታ፣ ለምሳሌ በእንክብካቤ ማዕከል ውስጥ፣ እንዲኖሩ እንዳይገደዱ ይደነግጋል። በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ ቱሉ ዲምቱ ወይም ኮዬ ፈጬ ላይ ግን መብቱ የሚፈተነው ደጃፍ ላይ ነው።

ሰፈር ውስጥ መኖር መጀመሪያ የሚጠይቀው ራምፕ (በደረጃ ፋንታ ዊልቸር የሚወጣበት ተዳፋት) ነው። ለ15 ሴንቲ ሜትር ከፍታ 1 ሜትር ከ80 ርዝመት ያስፈልጋል (1 ለ 12)። ሠሪው «ቦታ ይፈጃል» ብሎ ሲያሳጥረው ዊልቸሩ ወደ ኋላ ሊገለበጥ ይችላል። በሩ ከ80 ሴንቲ ሜትር መጥበብ የለበትም፤ የሚረሳው ደግሞ የመጸዳጃ ቤቱ ነው። ኮብልስቶን ላይ ትንንሾቹ የፊት ጎማዎች ክፍተት ውስጥ ይቀረቀራሉ።

ከሁሉ የሚከብደው ሌሊቱ ነው። ራሱ መገላበጥ የማይችል ሰው በየ2 ሰዓቱ ገደማ ካልተገላበጠ የመኝታ ቁስል ሊያወጣ ይችላል። ሥራው በእናት ወይም በእህት ላይ ብቻ ሲወድቅ ድካም ያሸንፋል፤ ስለዚህ ሁለተኛ ሰው ማሠልጠን ግድ ነው። እድሩ ተራ ቢያወጣስ? ድንኳን ከመትከል አይከብድም።

ማዕከል ጥሩ ሲሆን ተረኛ ተንከባካቢና ፊዚዮቴራፒ (የአካል እንቅስቃሴ ሕክምና) አለው። ግን መብላቱም መተኛቱም በግቢው ሰዓት ነው። ከመግባት በፊት «ሌሊት አንድ ተረኛ ስንት ሰው ይይዛል?» ብሎ መጠየቅ ይበጃል። ዓመታት ሲያልፉ ቤት የነበረው ክፍሉ ለሌላ ሊከራይ ይችላል፤ መመለሻም ይጠፋል።

የሌሊቱ ተራ ከተሸፈነ ሰፈሩ ይመረጣል። ማዕከሉ ለተሃድሶ ከሆነ የመውጫው ቀን ገና ሲገባ በጽሑፍ ይያዝ።