በለጠ ጌራ ደንን በእግር፦ መሪው ሙሉ ነጥብ፣ አዘጋጁ ግን ይቀረዋል

ጅማ እንግዳ ሲመጣብን የት ነው የምንወስደው? ጅሬን፣ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት። ከዚያ እንግዳው ቡናውን ጠጥቶ፣ በርጩማውን ገዝቶ ይሄዳል። እኛ ነዋሪዎቹም ከዚያ ብዙ አንርቅም። ለዚህ ነው አንድ የከተማችን አስጎብኚ የአንድ ቀን የደን የእግር ጉዞ ጀመርኩ ሲል ከመሥሪያ ቤት ልጆች ጋር ተሯሩጠን የተመዘገብነው። ሂሳቡ በሰው 1,800 ብር ነው፤ ትራንስፖርት፣ መንገድ መሪና ምሳን ይጨምራል።

መጀመሪያ ቅሬታዬን ላውጣ። ከንጋቱ 12 ሰዓት እንነሣለን ተባልን። የተነሣነው 1 ሰዓት ተኩል ላይ ነው፣ ያረፈዱት እየተጠበቁ። ሌላ ቀን ቢሆን የሐበሻ ቀጠሮ ብዬ አልፈው ነበር። ጉሬዛ ግን ሰው አይጠብቅም። የሚጮኸው ገና ጎህ ሲቀድ ነው፣ ያን ድምፅ ሳንሰማው ቀረን። ማስታወቂያው ደግሞ "ለመላው ቤተሰብ የሚሆን ቀላል ጉዞ" ይላል። ይህን የጻፈው ሰው መቼም ያንን ዳገት በእግሩ አልወጣውም።

ደኑ ከጅማ 45 ኪሎ ሜትር ግድም ነው። የቦንጋን መንገድ ይዞ ሰቃን ማለፍ ነው። ሚኒባሱ አውርዶን መንገድ መሪያችንን ስናገኝ ግን ብስጭቴ ሁሉ ጠፋ። የአካባቢው ገበሬ ናቸው። በስልሳዎቹ ውስጥ ያሉ፣ ቡት ጫማ ያጠለቁ፣ ገጀራ ከእጃቸው የማይለይ ሰው። አማርኛውንም ኦሮምኛውንም ያቀላጥፉታል። ኦቦ እያልናቸው ዋልን።

ኦቦ አይቸኩሉም፤ ብዙ አያወሩም። ዋንዛውን፣ ብርብራውን፣ ቀረሮውን በእጃቸው መታ እያደረጉ ያልፋሉ። ከሥራቸው ያለው ቡና ነው፣ ብዙው ማንም ሳይተክለው ራሱን ዘርቶ የበቀለ። ቀይ እሸት ለቅመው አስመጠጡን፤ ልጣጩ ይጣፍጣል። ጅማ ተወልጄ አድጌ ቡናን የማውቀው ከስኒ ብቻ መሆኑ ገረመኝ።

ከሁሉ የደነቀኝ ግን ኮረሪማው ነው። ቅጠሉ ከደረቴ በላይ ነው። እኔ አንጋጥጬ ፍሬውን ከላይ ስፈልግ፣ ኦቦ ጎንበስ ብለው የረገፈውን ቅጠል በገጀራቸው ጫፍ ገለጥ አደረጉት። ቀዩ ፍሬ ከግንዱ ራቅ ብሎ፣ ከመሬት ብቅ ብሎ ተቀምጧል። ሂርማታ ገበያ በገመድ ተሰክቶ፣ ደርቆና ጠቁሮ የምገዛው እሱ ነው። አንዱን ሰንጥቀው ሲያሸቱን ቅመምነቱ እዚያው አፍንጫችንን ሞላው።

"ኦቦ፣ ታዲያ አንድ ሰው ዛፉን ቆርጦ ቢወስድ ማን ያየዋል?" አልኳቸው።

"ጎረቤቱ ያየዋላ" አሉኝ።

ኦቦ የደኑ ማኅበር አባል ናቸው፤ ዋቡብ ይሉታል። ገበሬው ደኑን ይጠብቃል፣ በምላሹ ቡናውን፣ ማሩንና ኮረሪማውን ይጠቀማል። አሠራሩ በጃፓን መንግሥት የልማት ተራድኦ ድርጅት በጃይካ ድጋፍ እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረ ነው፤ በ2007 ደግሞ የደኑ ቡና ደንን ሳይጎዳ ለተመረተ ምርት የሚሰጠውን የሬይንፎረስት አሊያንስን ማረጋገጫ አግኝቷል። በሩቅ አገር ቡና ቤት በውድ የሚሸጥ ነገር መሃል ነበር የምንዞረው ማለት ነው።

ጉሬዛዎቹን በኋላ አገኘናቸው። ነጭ ጭራቸውን አንጠልጥለው ከላይ ሆነው ቁልቁል ያዩናል። ኦቦ አውራ ጣታቸውን አጥፈው አራቱን ጣት አሳዩን፤ ጉሬዛ አውራ ጣት የለውም ከማለት አይተናነስም፣ ቅርንጫፉን የሚይዘው በአራቱ ነው። ትንሽ እንደሄድን ጉንዳን መንገዱን እንደ ጥቁር ገመድ አቋርጦት አገኘነው። ሱሪያችንን ካልሲ ውስጥ አስከትተው አንድ በአንድ አዘለሉን። አንዱ ባልደረባችን ፎቶ ላንሣ ብሎ ቆመ። ዝርዝሩ ይቅር፣ ሱሪውን እንዳወለቀ ብቻ ልናገር።

ቁልቁለቱ ላይ አንዷ ጓደኛችን እግሯ ታጠፈ። አዘጋጁን የመጀመሪያ ዕርዳታ ሳጥን ብንጠይቀው መኪናው ውስጥ ነው አለን። መኪናው ደግሞ የሁለት ሰዓት መንገድ ወደ ኋላ ቀርቷል! ኦቦ ቁርጭምጭሚቷን በእኔ ሻርፕ አሰሩላት፣ እንጨት ቆርጠው ምርኩዝ ሠሩላት። ቀስ እያለች ወጣች። ይህ ቀልድ አይደለም። ሰው ጫካ ይዞ የሚገባ ድርጅት ፋሻና አዮዲን በጀርባው ይሸከም።

ምሳው ቀዝቃዛ ፓስታ በፕላስቲክ ነው። ውኃው ለሰው አንድ ግማሽ ሊትር። እሺ ይሁን። ግን ጅማ ውስጥ፣ ጫካ ቡና መሃል ውለን ቡና አልተፈላልንም! ኦቦ ሳያፍሩልን አልቀሩም፣ ስንመለስ ቤታቸው አስገቡን። ባለቤታቸው ከጓሯቸው የተለቀመውን ቆልተው፣ ከቆሎ ጋር እስከ በረካው አጠጡን። ይህ ከከፈልነው ሂሳብ ውስጥ የለም። እኛው አዋጥተን ስንሰጥ በስንት ልመና ነው የተቀበሉት።

በድጋሚ እሄዳለሁ? አዎ፣ ቡናው በሚቀላበት በጥቅምት ወይም በኅዳር። ክረምት ላይ መንገዱ ጭቃ ነው፣ አይሞከርም። ቡት ጫማ፣ ረጅም ካልሲና የራሳችሁን ውኃ ያዙ። ትንንሽ ልጆችን ግን ይቅርባችሁ፣ ማስታወቂያው የፈለገውን ይበል። ስትመዘገቡም መሪው ማን እንደሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ቡት ጫማ ያጠለቁት ሽማግሌ ካልሆኑ ቀኑን አስቀይሩ።