ምስጋናና ጥቆማ፦ ካምፐር መጎተት ላስተማሩን ጋሼ

ሰላም ለሁላችሁ። ዛሬ አንድ ሰው ላመሰግን ነው የመጣሁት። በዚያውም ልጠቁማችሁ። ካምፐር ያላችሁ፣ ለማስመጣት የምታስቡ፣ ወይም የቡናና የምግብ መሸጫ ተሳቢ በፒካፕ እየጎተታችሁ ለመሥራት ያቀዳችሁ ሁሉ ይጠቅማችኋል።

ወንድሜ ብዙ ዓመት ከኖረበት ከአሜሪካ ጓዙን ጠቅልሎ ሲገባ ፒካፑንና አንድ አዲስ ካምፐር አስመጣ። አልጋ፣ ወጥ ቤት፣ ሻወርና ሽንት ቤት ያለው፣ በጎማ የሚሄድ ቤት ማለት ነው። ዓይነቱ ፊፍዝ ዊል ይባላል። ከመኪናው ኋላ ባለ መንጠቆ አይታሰርም። አፍንጫው የፒካፑ መጫኛ ላይ ይወጣና እዚያ ከተገጠመ ሰሌዳ ጋር ይቆለፋል። ከጅቡቲ ኮንቴነር የሚያመጡት ትልልቅ መኪኖች ከተሳቢያቸው ጋር የሚያያዙትም በዚሁ ዘዴ ነው። የእኛው ርዝመቱ ስምንት ሜትር ተኩል ያህል ነው። ዕቃና ውሃ ሲጫንበት ወደ 4 ቶን ይጠጋል።

ይህን የሚያህል ነገር መሃል አዲስ አበባ ውስጥ መንዳት እንዴት ይለመዳል? ወንድሜ መኪና ሲነዳ ነው የኖረው፤ ተሳቢ ግን ጎትቶ አያውቅም። እኔም መልመድ ፈልጌ ነበር። "እኔ ነድቼ የፈለጋችሁበት አደርስላችኋለሁ" የሚል ሰው አላጣንም። ጊዜ ሰጥቶ የሚያስተምር ነው የጠፋው። በመጨረሻ የሰፈራችን ጎሚስታ "ለምን ጋሼን አታናግሯቸውም?" አለን።

ጋሼ ጡረታ የወጡ የተሳቢ ሹፌር ናቸው። በወጣትነታቸው በአሰብ መስመር፣ ኋላ ደግሞ በጅቡቲ መስመር ሠርተዋል። በዚያ ላይ መካኒክነቱንም ይችሉበታል። ስማቸውን በአደባባይ እንዳልጽፍ ስለጠየቁኝ፣ ሰፈሩ እንደሚጠራቸው ጋሼ እያልኩ እቀጥላለሁ። ካምፐሩ የቆመው ለገሃር ጀርባ ባለ የዘመዳችን ሰፊ ግቢ ውስጥ ነው። ትምህርቱም የተጀመረው እዚያው ነው።

መጀመሪያ የተገናኘን ቀን ቁልፍ አልነኩም። ወረቀት ነው የጠየቁት። የወንድሜ መንጃ ፈቃድ ተሳቢ ለመጎተት የሚፈቅድ መሆኑን አዩ። ቀጥሎ ሊብሬ፣ ሰሌዳ፣ ቦሎ፣ የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ። "ልጄ፣ መንገድ ላይ አንድ ነገር ቢፈጠር የሚጠየቀው ወረቀት ነው" አሉኝ።

ከዚያ ሜትር አወጡ። ከመሬት አንስተው ጣሪያው ላይ እስካለው ኤሲ ጫፍ ድረስ ቁመቱን ለኩ። ቁጥሩን በወፍራም እስክሪብቶ ጽፈው ዳሽቦርዱ ላይ ለጠፉት። በኮሪደር ልማቱ በታደሱት ዋና ዋና መንገዶች ገመዱ መሬት ውስጥ ስለገባ ቀሎናል። ወደ ውስጥ ሰፈር ሲታጠፍ ግን የመብራትና የስልክ ገመዱ ዝቅ ብሎ ተንጠልጥሏል። የዛፍ ቅርንጫፉም አለ። የካምፐር ጣሪያ ደግሞ ስስ ነው። አንዴ ከተቀደደ ዝናቡ ወደ ግድግዳው ይወርድና ውስጡን ያበሰብሰዋል። የአዲስ አበባን ክረምት ለሚያውቅ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ማያያዙን ሲያስተምሩን ያየሁት ጥንቃቄ እስካሁን ያስደንቀኛል። መጀመሪያ የካምፐሩ ጎማዎች ከፊትም ከኋላም ታኮ ይደረግላቸዋል። ታኮ ሳይገባ ማንም ምንም እንዲነካ አይፈቅዱም። ቀጥሎ የካምፐሩ የፊት እግሮች ከፍ ወይም ዝቅ እየተደረጉ ቁመቱ ይስተካከላል። የካምፐሩ ሰሌዳ ከፒካፑ ሰሌዳ በጥቂቱ ዝቅ ማለት አለበት፤ ፒካፑ ከሥሩ ሲገባ ቀና ያደርገዋል። ከፍ ካለ ግን ኪንግ ፒን የሚባለው፣ ከካምፐሩ አፍንጫ ሥር ወደ ታች የወጣው ወፍራም ብረት ከመቆለፊያው በላይ ይቀመጣል። ሲያዩት የገባ ይመስላል፤ ግን አልተያዘም። ጋሼ በዚህ ነገር ምን ያህል ጭነት መንገድ ላይ እንደተዘረጋ በዓይናቸው አይተዋል። ስለዚህ ሰሌዳዎቹ መገጣጠማቸውንና መቆለፊያው መዘጋቱን በእጅ ባትሪ እያበሩ ጎንበስ ብለው ያያሉ። እኛንም ጎንበስ ያስብሉናል። "ድምፁን ሰማሁ" ማለት በእሳቸው ዘንድ መልስ አይደለም።

ከዚያ የመብራቱና የፍሬኑ ገመድ ይሰካል። አንድ ቀጭን የሽቦ ገመድም አለ። ካምፐሩ ከመኪናው ቢላቀቅ ይህ ገመድ ተስቦ ይነቀልና የካምፐሩን ፍሬን በራሱ ባትሪ ያስይዘዋል። ይህ ገመድ መታሰር ያለበት ከመኪናው አካል ጋር ነው። ከመቆለፊያው ጋር ከታሰረና መቆለፊያው ራሱ ከተነቀለ ምንም ሥራ አይሠራም።

የመጨረሻው ፈተና መሳብ ነው። ታኮው እንዳለ፣ የካምፐሩ እግሮች ከመሬት ትንሽ ብቻ ከፍ እንዳሉ፣ ወንድሜ የካምፐሩን ፍሬን በእጅ መቆጣጠሪያው ይይዝና መኪናውን ቀስ አድርጎ ወደፊት ይስባል። በደንብ ካልተቆለፈ እዚያው ይለያያል። እግሮቹ ቅርብ ስለሆኑም ካምፐሩ የፒካፑ ስፖንዳ ላይ አይወድቅም። ከያዘ እግሮቹ ሙሉ በሙሉ ይነሳሉ፣ ታኮው ይወጣል፣ ፍሬቻና የፍሬን መብራቱ ይታያል። ይህን ሁሉ እኔም ብቻዬን እስክሠራው ድረስ አልለቀቁኝም። ወንድሜን "አንተ ዞር በል፣ እሷ ታድርገው" ይሉታል። ሴት ናትና ታግዝ ብለው አላለፉኝም። ለዚህ ብቻ እንኳ ባመሰግናቸው አይበዛም።

ኋላ መመለስ ሌላ ዓለም ነው። ካምፐሩ የሚዞረው መሪው ከሚዞርበት በተቃራኒ ነው። ጋሼ እጃችንን ከመሪው ታች እንድናስቀምጥ አደረጉን። እጅ ወደ ቀኝ ሲሄድ የካምፐሩ ኋላ ወደ ቀኝ ይሄዳል። ወደ ግራም እንደዚያው። ግራ መጋባቱ ግማሹ በዚህ ብቻ ጠፋ። የቀረው ዝግታ ነው። በጣም በዝግታ፣ መሪውን በትንሽ በትንሹ፣ ሁለቱንም ስፖኪዮ እያዩ።

ለአዲስ አበባ የሚሆነው ዋናው ትምህርት ግን የረዳት ነገር ነው። እዚህ ከተማ መኪና ኋላ ሲመልስ ያየ ሰው ሁሉ ያግዛል። አንዱ "ና! ና! ና!" ይላል፣ ሌላው "ግራ ስበር!" ይላል፣ ሦስተኛው መኪናውን ይደበድባል። ሁሉም በቅንነት ነው። ሹፌሩ ግን ማንን ይስማ? ጋሼ ሕጉን ቁርጥ አድርገው ነገሩን። አንድ ረዳት፣ አንድ ድምፅ። ረዳቱ ሹፌሩ በስፖኪዮ በሚያየው ቦታ ይቆማል። ረዳቱ ከስፖኪዮው ከጠፋ ሹፌሩ ወዲያው ይቆማል። "ያዝ!" ከተባለ ምንም ሳይጠየቅ ፍሬን ይያዛል፤ ምክንያቱ በኋላ ይወራል። ሌላው ሰው በአክብሮት "እናመሰግናለን፣ ረዳት አለን" ይባላል። እኔና ወንድሜ በዚህ ተግባብተናል።

ግቢ ውስጥ ከለመድን በኋላ እሑድ ማለዳ፣ መንገዱ ጭር ባለበት ሰዓት ወጣን። ከለገሃር ተነስተን በቸርችል ጎዳና ሽቅብ፣ በብሔራዊ ቴአትርና በጥቁር አንበሳ በኩል፣ እስከ ቴዎድሮስ አደባባይ። አደባባዩን ዞረን ተመለስን። ጋሼ ይህን መንገድ የመረጡት አስበውበት ነው። ዳገት አለው፣ ቁልቁለት አለው፣ አደባባይ አለው። ፊፍዝ ዊል ሲታጠፍ የኋላ ጎማው የመኪናውን ዱካ አይከተልም። ወደ ውስጥ ይቆርጣል። ስለዚህ መኪናው ወደፊት ገፋ ብሎ፣ ሰፋ አድርጎ ነው የሚታጠፈው። አለዚያ ጎማው የእግረኛው መንገድ ጠርዝ ላይ ይወጣል፤ እዚያ ደግሞ ሰው ቆሞ ሊሆን ይችላል። አጭር መጫኛ ባለው ፒካፕ ደግሞ በጣም ጠበብ አድርጎ መታጠፍ የካምፐሩን አፍንጫ ከጋቢናው የኋላ መስታወት ጋር ያጋጨዋል። ይህንንም ግቢ ውስጥ በዝግታ አሳይተውን ነበር።

ቁልቁለቱ ላይ የነገሩን ነገር ከዓባይ በረሃ የመጣ ነው። ከጎሃ ጽዮን ወደ ድልድዩ ሲወረድ ፍሬን እየረገጠ የሚወርድ ሹፌር ፍሬኑ ይግላል፤ የጋለ ፍሬን ደግሞ አይይዝም። "ማርሹን የምትቀንሰው ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ነው" ይላሉ። ሞተሩ ራሱ ይይዘዋል። ፍሬን በየመሃሉ ይነካና ይለቀቃል። የካምፐሩን የኤሌክትሪክ ፍሬን ጥንካሬም በዝግታ እየተነዳ አስተካከሉልን። ሲያዝ መኪናውን ወደኋላ መጎተቱ ሊሰማ ይገባል፤ ጎማው ግን ደርቆ መንሸራተት የለበትም።

እዚህ ላይ የራሴን ሐሳብ ልናገር። እንደ ጋሼ ያሉ የድሮ የተሳቢ ሹፌሮች በየሰፈሩ አሉ። ያንን ሁሉ በረሃና ዳገት በሰላም ጨርሰው ቤታቸው ተቀምጠዋል። የሚጠይቃቸው ሰው ግን የለም። ይህ ያሳዝነኛል። አዲስ ተሳቢ ገዝቶ ከኢንተርኔት ቪዲዮ ብቻ የሚማር ሰው እነሱን ቢያገኝ ምን ያህል ይጠቀም ነበር! ቪዲዮው ጥሩ ነው፤ እኛም አይተናል። ግን ቪዲዮው አያስቆምም። ጋሼ "ቁም" ይላሉ።

አቆማመጡን ያስተማሩን የመጀመሪያው ጉዟችን ላይ ነው፤ ላንጋኖ አብረውን ወርደው ነበር። ቅደም ተከተሉ ይኸው ነው። ካምፐሩ ከመኪናው ሳይላቀቅ የግራና የቀኙ ከፍታ ዝቅ ባለው ጎን ጎማ ሥር ጣውላ እየገባ ይስተካከላል። ከዚያ ታኮ። ከዚያ የፊት እግሮቹ ይወርዳሉ፣ ካምፐሩ ይላቀቃል፣ የፊትና የኋላው ደረጃ በእግሮቹ ይስተካከላል። የኋላ ድጋፎቹ መጨረሻ ላይ ነው የሚወርዱት። እነሱ እንዳይወዛወዝ ይይዛሉ እንጂ ካምፐሩን ለማንሳት አልተሠሩም። ወደ ጎን የሚከፈተው የሳሎኑ ክፍልም ሁሉም ነገር ከተስተካከለ በኋላ ነው የሚወጣው። አሸዋማ መሬት ላይ ከእግሮቹ ሥር ሰፋ ያለ ጣውላ ያስፈልጋል።

በመንገድ ላይ ስንቆም የጎማውን ዳዶ ያዩ ነበር። አዲስ ተሳቢ በመጀመሪያው ጉዞው ዳዶው ሊላላ ይችላል። በእጃቸውም የጎማውን መሃል ይዳስሳሉ፤ አንዱ ከሌላው በጣም ከጋለ ኩሽኔታው ወይም ፍሬኑ ችግር አለበት ማለት ነው። ውሃውንም አስተካከሉልን። 1 ሊትር ውሃ 1 ኪሎ ነው። ታንከሩን ሞልቶ መጓዝ ሌላ ጭነት መጫን ማለት ስለሆነ የሚበቃንን ያህል ብቻ ያዝን። ከካምፐሩ ክብደት ከ15 እስከ 25 በመቶ የሚሆነው ፒካፑ ላይ ነው የሚያርፈው። ዕቃ ሲደረደር ይህ ይታሰባል።

ኤሌክትሪኩን በተመለከተ ግን "ይህ የእኔ ሙያ አይደለም" አሉን። እኔ በዚህ ይበልጥ አከበርኳቸው። የአሜሪካ ካምፐር የተሠራው ለ120 ቮልትና ለ60 ኸርዝ ነው። የእኛ መብራት 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው። ኸርዝ ማለት ኤሌክትሪኩ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ የሚለካበት ነው። በቀጥታ ከተሰካ ይቃጠላል። ወደ አንድ ጎበዝ ኤሌክትሪሻን መሩን፤ ልጁ አቅሙ የሚበቃ ትራንስፎርመር ገጠመልን። ትራንስፎርመር ቮልቱን እንጂ ኸርዙን እንደማይቀይርም አስረዳን። ስለዚህ ሞተር ያላቸውን እንደ ኤሲ ያሉ ዕቃዎች ከመጠቀማችን በፊት ለ50 ኸርዝ መፈቀዳቸውን ከዕቃው ላይ ማየት አለብን። እሱንም ከልብ እናመሰግናለን።

ጋሼ፣ ይህን የልጅ ልጅዎ ያነብልዎታል ብዬ አስባለሁ። እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥልን። እናታችን ለመጀመሪያ ጊዜ ሐይቅ ዳር አድራ የነቃችው በእርስዎ ምክንያት ነው፤ እሷም እጅ ነስታለች።

እሳቸውን ማግኘት የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። አስፈቅጄ ቁጥራቸውን እልክላችኋለሁ። ዋጋ የሚነጋገሩት ተሳቢውን ካዩ በኋላ ነው። ከእኛ የጠየቁት ከድካማቸው ያነሰ ስለነበር እባካችሁ አትከራከሯቸው። ካምፐር ብቻ ሳይሆን የፈረስ፣ የጀልባና የምግብ መሸጫ ተሳቢም ያስተምራሉ። ለልምምድ የሚሆን ግቢ ከሌላችሁ ቀድማችሁ ንገሯቸው፤ እኛም ግቢውን ከዘመዳችን ጠይቀን ልናመቻችላችሁ ፈቃደኞች ነን።