የአባቴን ሞርሳ ወደ ሥራ ለመለሱልኝ የተክለ ሃይማኖቱ ባለሙያ፦ ምስጋና እና ጥቆማ

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው በተክለ ሃይማኖት አካባቢ፣ ወደ አብነት በሚወስደው መንገድ ዳር ባለች አንዲት ጠባብ የብረት ሥራ ቤት ውስጥ አሮጌ ሞርሳዎችን (የሚሠራበትን ዕቃ በመንጋጋቸው ነክሰው የሚይዙ መሣሪያዎችን) ለሚጠግኑ አንድ አዛውንት ባለሙያ ምስጋናዬን በአደባባይ ለማቅረብ፣ እንዲሁም እንደ እኔ ያለ ዕቃ በእጃቸው ላለ ሰዎች ለመጠቆም ነው። ስማቸውንና ስልካቸውን በአደባባይ እንዳላወጣ ስለጠየቁኝ ሰፈሩ እንደሚጠራቸው «ጋሼ» እያልኩ እቀጥላለሁ፤ አድራሻቸውን የሚፈልግ ሰው በውስጥ መስመር ቢጠይቀኝ እንድሰጥ ፈቅደውልኛል።

ሞርሳው የአባቴ ነበር። አባቴ መካኒክ ሲሆን በ1958 ዓ.ም. ገዝቶ ፒያሳ በነበረችው ጋራዡ ባንኮ (የሥራ ጠረጴዛ) ላይ ያሰረው፣ የመንጋጋው ስፋት 5 ኢንች የሆነ ሬከርድ ቁጥር 5 ነው። ሬከርድ የተባሉትን ሞርሳዎች ይሠራ የነበረው በእንግሊዝ አገር ሸፊልድ ከተማ የሚገኘው የሲ. ኤንድ ጄ. ሃምፕተን ኩባንያ ነበር፤ ስሙም በቀለም የተጻፈ ሳይሆን ጊዛው (ሞርሳው የተሠራበት፣ ቀልጦ የሚቀረጽ ብረት) ቅርጽ ውስጥ ሲፈስ አብሮ የወጣ በመሆኑ ከስንት ዓመት ዝገትና ቀለም በኋላ እንኳ በጣት ዳሰሳ ይነበባል። እኔ ፊደል ከመቁጠሬ በፊት ያንን ጽሑፍ በጣቴ እየተከተልኩ ነው ያደግሁት። አባቴ ካረፈ በኋላ አሮጌ ሞርሳ የመሰብሰብ ፍቅር ያደረብኝም ከዚሁ የተነሣ ነው፤ ዛሬ ከአባቴ ሞርሳ ሌላ ሦስት አሉኝ። አንደኛው ከምናለሽ ተራ፣ ለማቅለጫ ከተከመረ ቁርጥራጭ ብረት መካከል አውጥቼ በኪሎ ሒሳብ የገዛሁት ሬከርድ ቁጥር 3 ነው። ሁለተኛው በዮርክሻየር ሺፕሊ የተሠራ ፓርኪንሰን ሲሆን ዳዶውን (ውስጡ ጥርስ ያለውን ማሰሪያ) ከቪቴው (እጀታው ከሚያዞረው ባለ ጥርስ ዘንግ) የሚያላቅቅ ምላስ ስላለው እጀታውን ሳያሽከረክሩ መንጋጋውን በአንድ ጊዜ ስቦ መክፈት ይቻላል። ሦስተኛው የቼኮዝሎቫኪያው ዮርክ ነው። ጣልያንኛው «ሞርሳ» የሚለው ቃል ከእነ ካቻቢቴና ቡሎን ጋር ጋራዦቻችን ውስጥ ቀርቶ የራሳችን ሆኗል፤ ዕቃዎቹ ራሳቸው ግን በየዕለቱ በኪሎ ተመዝነው ወደ እሳት እየሄዱ መሆናቸው ያሳዝነኛል።

ከሁለት ዓመት በፊት ቤት ስንቀይር የአባቴ ሞርሳ ከአይሱዙ ላይ ሲወርድ ከጫኚዎቹ እጅ አመለጠና አስፋልት ላይ ወደቀ። ከባንኮው ጋር በቡሎን ከሚታሰርባቸው ጆሮዎች አንዱ ተገንጥሎ ወጣ። ወንድሜ ቁራጩን በጨርቅ ጠቅልሎ ባያስቀምጠው ኖሮ እኔ በድንጋጤ ጥዬው ነበር። በመጀመሪያ የወሰድኩበት አንድ ብየዳ ቤት በዚያው ሰዓት፣ ቆሜ እያየሁ፣ በተራ ኤሌክትሮድ በየዶ ሰጠኝ፤ ማታ ባንኮ ላይ አስቀምጬ ቡሎኑን ሳጠብቅ ግማሽ ዙር እንኳ ሳይሞላ ጧ ብሎ ከብየዳው መስመር አጠገብ ተሰበረ። መልሼ ስወስደው «ጊዛ አይበየድም፤ ለቁራሌው ስጠው» ተባልኩ። ሞርሳው ከዚያ ወዲህ በማዳበሪያ ተሸፍኖ በረንዳ ላይ ተቀመጠ። ተግባረ ዕድ የተማረ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ወደ ጋሼ ባይመራኝ ኖሮ ዛሬም እዚያው ይገኝ ነበር።

ጋሼ ሞርሳውን እንዳዩ በርጩማ ስበው አስቀመጡኝና ይጠይቁኝ ጀመር። በምን ኤሌክትሮድ እንደተበየደ፣ ከመበየዱ በፊት ብረቱ ሞቆ እንደሆነ፣ ከወደቀ በኋላ ሥራ ሠርቼበት እንደሆነ፣ የተገነጠለው ቁራጭ ሳይጎድል በእጄ መኖሩን አንድ በአንድ ጠየቁ። ከዚያም ገላውን ከጣሪያ በወረደ ሰንሰለት አንጠልጥለው በትንሽ መዶሻ ዳር ዳሩን ያንኳኩት ጀመር። እናቴ ገበያ ወርዳ ጀበና ስትመርጥ በጣቷ እየመታች ድምፁን የምታዳምጠው ትዝ አለኝ። ነገሩም ያው ነው፤ ደኅና ጊዛ እንደ ደወል ጥርት ያለ ድምፅ ሲሰጥ የተሰነጠቀው ድምፁ ይታፈናል። በግራ በኩል ድምፁ ሲለወጥ ጋሼ ቦታውን በነጭ ጋዝ ቀቡት፣ ጥቂት ቆይተው በጨርቅ አደረቁትና የተፈጨ ጠመኔ ነሰነሱበት። ስንጥቁ ውስጥ ሰርጎ የቀረው ነጭ ጋዝ ጠመኔውን ቀስ በቀስ አርጥቦ ከተሰበረው ጆሮ ሥር ወደ ላይ የሚወጣ፣ የጣት ርዝመት ያለው ቀጭን መስመር አወጣ። ሁለት ዓመት ሙሉ በረንዳዬ ላይ የነበረውን ስንጥቅ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ያን ዕለት ነው። ጋሼ ጫፉን በሹል መምቻ ብረት ምልክት አድርገው «ይኸን ትቼ ጆሮውን ብቻ ብበይድልህ ልጄ፣ ነገ ከዚህ ይከፈትብሃል» አሉኝ።

የመጀመሪያው ብየዳ ያልያዘበትን ምክንያትም አስረዱኝ፤ ሌላው ሰው ከእኔ ስሕተት እንዲማር እዚህ አሰፍረዋለሁ። ጊዛ በውስጡ ከ2 እስከ 4 በመቶ ካርቦን ይይዛል፤ በተለምዶ የምንበይደው ለስላሳ ብረት ያለው ካርቦን ከዚህ እጅግ ያነሰ ነው። በግራጫ ጊዛ ውስጥ አብዛኛው ካርቦን እንደ ስስ ቅርፊት ተበትኖ ስለሚቀመጥ ብረቱ ከላይ የሚጫነውን ኃይል በደንብ ይችላል፤ ሲጎትቱት ግን ሳይለጠጥ ይሰበራል። በኤሌክትሪክ ብየዳ አንድ ቦታ ብቻ ድንገት ግሎ ድንገት ሲቀዘቅዝ ከብየዳው አጠገብ ያለው ጠርዝ እንደ ብርጭቆ ደረቅ ይሆናል፣ እየቀዘቀዘ የሚኮማተረው ብየዳም ያንን ደረቅ ጠርዝ ይጎትተዋል። የእኔ ሞርሳ ከመስመሩ ጎን የተሰበረው ለዚህ ነበር። «ጊዛ አይበየድም» መባሉ ስሕተት መሆኑን፣ ለጊዛ ተብሎ የተሠራ የኒኬል ኤሌክትሮድ እንዳለ፣ ለዚህ ዕቃ ግን በጋዝ ነበልባል በነሐስ ማያያዙን እንደሚመርጡ ነገሩኝ። ነሐሱ የሚቀልጠው ወደ 900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲሆን ጊዛው ለመቅለጥ ከ1,100 ዲግሪ በላይ ስለሚፈልግ ገላው ሳይቀልጥ ነሐሱ ብቻ ፈስሶ ይይዘዋል።

ሥራውን ሲጀምሩ እንድገኝ ፈቀዱልኝ። አሮጌውን ብየዳ አንዳች ሳያስቀሩ ፍቀው አወጡ፤ በስንጥቁ ጫፍ ላይ ስንጥቁ ከዚያ እንዳያልፍ ትንሽ ቀዳዳ በሱ፤ የሚገጥሙትን ፊቶች በሞረድ ሰያፍ አድርገው ጠረቡ። ከዚያ ገላውን በሙሉ ከሰል እሳት ላይ አስቀምጠው ቀስ እያሉ አሞቁት። ሙቀቱን ሳይቸኩሉ ከዳር ወደ ዳር ለማዳረስ ብቻ ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጀባቸው፤ በዚህ ሁሉ ጊዜ ዓይናቸውን ከብረቱ ቀለም ላይ አላነሡም። ደብዘዝ ያለ ቅላት ሲይዝ ቦራክስ (ነሐሱ እንዲይዝ የሚረዳ ዱቄት) እየነሰነሱ ነሐሱን አፈሰሱት፤ ጭሱ መርዝነት ስላለው በሩን ወለል አድርገው ከፍተው፣ እኔንም ከነፋሱ በላይ በኩል አቆሙኝ። ሲጨርሱ ሞርሳውን በደረቅ አመድ በተሞላ በርሜል ውስጥ ቀበሩትና «አሁን ሂድ፤ እስከ ነገ ማንም አይነካውም» አሉ። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ሲያወጡት ገና ለብ ያለ ነበር። ዳግመኛ አንጠልጥለው ሲያንኳኩት የሰጠውን ድምፅ አልረሳውም።

ከሠሩልኝ ሥራ ባልተናነሰ ላልሠሩት ሥራም ላመሰግናቸው ይገባኛል። የሞርሳው እጀታ ሲዞር መንጋጋው ወዲያው አይከተልም ነበር፤ ከሩብ ዙር በላይ ባዶውን ይሄዳል። የዳዶው ጥርስ ማለቁን እርግጠኛ ስለነበርኩ ቶርኖ ቤት አዲስ የነሐስ ዳዶ እንዲያስወጡልኝ ጠየቅሁ፣ ለዚህም ገንዘብ ይዤ ነበር። ጋሼ ፈትተው በናፍጣ አጥበው ካዩ በኋላ የቪቴውም የዳዶውም ጥርስ ገና ብዙ እንደሚያገለግል አሳዩኝ። ያለቀው ከፊተኛው መንጋጋ በስተጀርባ ቪቴውን ከመንጋጋው ጋር አያይዞ የሚይዘው ቀለበት ነበር፤ እሱ ሲላላ ቪቴው ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይመላለሳል። አንድ ወፍራም ቀለበትና አዲስ ኮፒያ (መቆለፊያ ፒን) አስገብተው ነገሩን ጨረሱት። አዲስ ዳዶ አስወጥተው ሒሳቡን ቢጭኑብኝ ልዩነቱን የማውቅበት መንገድ አልነበረኝም።

ዝገቱን ያነሡት በልብስ ሶዳ ውኃና በባትሪ ቻርጀር ነው። ዕቃውን ከኔጋቲቩ፣ የማይፈለግ ተራ ብረት ከፖዘቲቩ አያይዘው ፕላስቲክ በርሜል ውስጥ ያሳድሩታል፤ ዝገቱ ሳይፋቅ ለቅቆ ይወርዳል፣ ደኅናው ብረት አይነካም። እቤቱ ሊሞክር ለሚያስብ ሰው የሰጡትን ማስጠንቀቂያ ማስተላለፍ አለብኝ፦ የሚፈላው ጋዝ ሃይድሮጅን ስለሆነ በተዘጋ ክፍል ውስጥ አይሠራም፣ በፖዘቲቩም በኩል አይዝጌ ብረት ፈጽሞ አይገባም፤ ውኃውን ይመርዘዋል። አሮጌ ቀለምም እርሳስ ሊኖርበት ስለሚችል በደረቁ በብርጭቆ ወረቀት አይፈግፉትም፤ አርሰው ነው የሚያነሡት።

ቀለሙ ሲነሣ ከአባቴ አረንጓዴ ሥር የሬከርድ ሰማያዊ ወጣ። ጋሼ ሥራቸውን አቁመው ደወሉልኝና ሰማያዊው የፋብሪካው፣ አረንጓዴው የአባቴ መሆኑን ነግረው «አባትህ የቀቡት ነው፤ ይኸን እኔ አልወስንም» አሉኝ። ሁለት ቀን አስቤበት ውጪው ሰማያዊ እንዲሆን፣ ከሥር በኩል ያለው የአባቴ አረንጓዴ ግን ሳይነካ እንዲቀር ጠየቅሁ፤ እንዳልኩትም አደረጉ። በጀርባው ላይ ያሉትን የመዶሻ ጠባሳዎች በማስቲሽ ልሙላልህ አላሉም፣ የነሐሱንም መስመር በቀለም አልደበቁትም። እኔም ይህን እደግፋለሁ፤ የተጠገነ ዕቃ ጥገናው ቢታይ ነውር የለበትም፣ ወደፊት ለሚይዘው ሰውም የት እንደተሰበረ ማወቅ ይጠቅመዋል።

ዋጋውን ሥራው ሳይጀመር በወረቀት ጽፈው ሰጥተውኝ ነበር፤ በመጨረሻ የከፈልኩት ከዚያ ያነሰ ነው፣ ምክንያቱም የዳዶውን ሒሳብ ሰርዘውታል። የወለቁትን አሮጌ ዕቃዎችም በቆርቆሮ አድርገው መለሱልኝ። ጊዜን በተመለከተ ግን እውነቱን መናገር አለብኝ፦ ሦስት ሳምንት ብለው አምስት ሳምንት ወስዶባቸዋል። በየጊዜው እየደወሉ ምክንያቱን ይነግሩኝ ነበር፤ ሆኖም ለነገ ሥራ ለሚፈልግ ሰው አይሆኑም። አካሉ ለሁለት የተከፈለ ሞርሳ ደግሞ «ሰው ይጎዳል» ብለው አይቀበሉም። እኔ ባለሁበት አንድ ደንበኛ እጥፍ እከፍላለሁ ብሎ ሲለምናቸው በትሕትና መልሰውታል።

ሞርሳውን ስረከብ አብረውኝ ቤቴ ድረስ መጥተው ባንኮው ላይ ሲታሰር ተቆጣጠሩ። የማይንቀሳቀሰው መንጋጋ ፊት ከባንኮው ጠርዝ ትንሽ ወደ ውጪ እንዲያልፍ አደረጉ፣ ረጅም ብረት ቀጥ አድርጎ ወደ ታች ለማሰር ይመቻል። ከፍታውን ስቆም በክርኔ ለኩት። እጀታው ላይ ቱቦ ሰክቶ ማጥበቅን በጥብቅ ከለከሉኝ፤ የእጀታው ርዝመት የተወሰነው ገላው በሚችለው ኃይል ልክ ነውና። አባቴም ይህንኑ ይለኝ እንደነበር ስነግራቸው ራሳቸውን ነቅንቀው ዝም አሉ።

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ዕድሜና ጤና ይስጥዎት።

ወደ እሳቸው ለመሄድ የምታስቡ ሰዎች ጠዋት ሂዱ፤ ከሰዓት በኋላ እሳት ላይ ስለሚሆኑ አያነጋግሩም። ሞርሳውን ራሳችሁ ሳትፈቱ፣ ሳታስበይዱ፣ ቀለም ሳትቀቡ እንዳለ ውሰዱት። የተገነጠለ ቁራጭ ካለም፣ የጣት ጥፍር ቢያህል እንኳ፣ በጨርቅ ጠቅልላችሁ አብራችሁ ያዙት።