ዛናታር ወይስ ታሻ? አንዱን ብቻ መግዛት ለምትችሉ

ደብረ ብርሃን ላይ ሦስት ሆነን ቅዳሜ ማታ ዱንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ የተባለውን፣ እያንዳንዱ ሰው አንድ ካራክተር (ገጸ ባሕርይ) ሆኖ ዳይስ እየጣለ ታሪክ የሚፈጥርበትን የጠረጴዛ ጨዋታ እንጫወታለን። ታሪካችን የሚካሄደው ከአንኮበር ወደ አልዩ አምባ በሚወርደው የድሮ የነጋዴዎች መንገድ ላይ ነው። በቅርቡ ሁለት ተጨማሪ የሕግ መጻሕፍት እጃችን ገቡ፦ «ዛናታርስ ጋይድ ቱ ኤቭሪቲንግ» (እ.ኤ.አ. 2017) እና «ታሻስ ኮልድረን ኦፍ ኤቭሪቲንግ» (2020)። ሁለቱም 192 ገጽ ስለሆኑ በውፍረት አይለዩም። እኔ የምለያቸው ጠረጴዛው ዙሪያ በሚቀመጠው ሰው ቁጥር ነው።

ዛናታርን ያስወደደኝ የዕቃዎች ሕጉ ነው። ከዚያ በፊት የማብሰያ ዕቃ የያዘ ካራክተር ዕቃውን ተሸክሞ ከመዞር ያለፈ እምብዛም አይጠቀምም ነበር። አሁን ግን በአጭር እረፍት ላይ ምግብ ከሠራ፣ እሱና እስከ አምስት ጓደኞቹ ለሚጠቀሙበት ለእያንዳንዱ ሂት ዳይስ (በእረፍት ላይ ለማገገም የሚጣል ዳይስ) አንድ ተጨማሪ ሂት ፖይንት (የሕይወት ነጥብ) ይጨመርላቸዋል። ቆስለን ዋሻ ውስጥ ተጠልለን ሳለ አንዱ ጓደኛችን «ቆዩ፣ ገንፎ ላገንፋላችሁ» አለ። የተጨመረችው ነጥብ ትንሽ ናት፤ ያቺ ገንፎ ግን ከምሽቱ ውጊያ ሁሉ በላይ ትዝ ትለናለች።

የገደል ሕጉም ለእኛ አገር የተጻፈ ይመስላል። የወደቀ ሰው በአንድ ጊዜ እስከ 500 ጫማ፣ ማለትም 150 ሜትር ገደማ፣ ይወርዳል። አስማተኛው ሊደርስለት ይችላል አይችልም የሚለው ክርክር በዚህ አበቃ። ለተራራ የተዘጋጁት የድንገተኛ ገጠመኝ ሰንጠረዦችም ጌም ማስተሩን (ታሪኩን የሚመራውን ሰው) ብዙ ድካም ያሳርፉታል።

ያዘንኩበት ለካራክተር በዳይስ ስም የሚወጣበት የስም ሰንጠረዡ ነው። የዓረብ፣ የግብፅ፣ የኒጀር ኮንጎ እያለ ይዘልቃል፤ የሐበሻ ስም ግን የለም። ሸዋረገድ፣ ማንያዘዋል፣ አስካለ፣ ደምሰው እያልን ለባለ 20 ፊቱ ዳይስ የራሳችንን ሃያ ስም ጻፍን። ለስሞቹ ብላችሁ አትግዙት።

ታሻ ደግሞ ለጥቂት ሰዎች የምትሆን መጽሐፍ ናት። ዋናው ምክንያት የሳይድኪክ (የረዳት) ሕጓ ነው፦ የአደገኝነት ደረጃው (የፍጡሩን ብርታት የሚያሳየው ቁጥር) ከግማሽ፣ ማለትም ከ1/2፣ ያልበለጠ ፍጡር ተዋጊ፣ ባለሙያ ወይም አስማተኛ ረዳት ሆኖ ከቡድኑ ጋር ደረጃ በደረጃ ያድጋል። እኛ የጭነት በቅሏችንን ተዋጊ አደረግናት። ድሮ ውጊያ ሲጀመር እንረሳት ነበር፤ አሁን ተራዋ ሲደርስ ሁላችንም ወደ ዳይሱ እንጠጋለን። ሁለት ወይም ሦስት ከሆናችሁ ያለ ጥርጥር ታሻን ግዙ። አራትና ከዚያ በላይ ከሆናችሁ ዛናታር ይቅደም፤ ሰው በበዛበት ጠረጴዛ ላይ ረዳቶች ሲጨመሩ ተራ መጠበቁ ያሰለቻል።

የ2024ቱ የተጫዋቾች መጽሐፍ (የዋናው ሕግ አዲስ እትም) ያላችሁ አንድ ነገር ልብ በሉ። ዛናታርም ታሻም የተጻፉት ከዚያ በፊት ለነበረው ለ2014ቱ ሕግ ነው። ግሉም ስቶከርን ከዛናታር፣ ሶልናይፍን ከታሻ ጨምሮ በርካታ ንዑስ ክፍሎች (ካራክተሩ የሚመርጣቸው የሙያ ዘርፎች) ታድሰው እዚያ ገብተዋል። ለእነሱ ብላችሁ ሁለተኛ አትክፈሉ።

ዋናው ሕግ ጭራሽ የሌላችሁ ደግሞ ብራችሁን ያዙት። ኤስአርዲ 5.2 የተባለው መሠረታዊ ሕግ በ2025 በክሪየቲቭ ኮመንስ ፈቃድ በነጻ ወጥቷል። እሱን አውርዳችሁ ጥቂት ቅዳሜ ተጫወቱበት፤ ስንት ሆናችሁ እንደምትዘልቁ ያኔ ይታወቃል።